ማርና የመኝታ ቁስል

በጎጃም አደይ አበባና ኑግ ሜዳውን ቢጫ አልብሰው ካለፉ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል። ሰሙ ለጧፍ ይለያል፤ ማሩ ጠጅ ይጣልበታል፤ ከዚያ የተረፈው ደግሞ በትንሽ ማሰሮ ተከድኖ ለመድኃኒት ይቀመጣል። እናቶቻችን ለሳል፣ በእሳት ለተቃጠለ እጅ፣ በማጭድ ለተቆረጠ ጣት ከዚያች ማሰሮ ጨልፈው ሲያደርጉ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ይህ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈውና ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብፃውያን የሕክምና ጽሑፍ ቁስልን በማር ማሰርን ያዛል። በአገራችንም ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ባሳተሟቸው የቀድሞ የመድኃኒት ጽሑፎች ውስጥ የማር ስም ደጋግሞ ይነሣል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንማማረው ስለ አንድ የማር አገልግሎት ብቻ ነው፤ ይኸውም ታመው ለረጅም ጊዜ የተኙ ሰዎች በጀርባቸው፣ በዳሌያቸውና በተረከዛቸው ላይ ስለሚወጣው የመኝታ ቁስል ነው። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በገጠር ቁምስናዎቻችን ይህን ቁስል ከሐኪም ቀድሞ የሚያገኘው ሕሙማንን የሚጐበኘው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ወይም ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ቁስሉ ይደበቃል። ቤተሰብ ሽታው ስለሚያሳፍረው ዕጣን ያጨሳል፣ ቡና ይቈላል፤ በሽተኛውም ገላውን ለእንግዳ ማሳየት ነውር ስለሚመስለው ዝም ይላል። እንግዲህ ጸሎት አድርሳችሁ ከመሰናበታችሁ በፊት፣ «ጀርባቸውን አይታችሁላቸዋል ወይ?» ብላችሁ አስታማሚዋን ለብቻዋ ጠይቋት።

ስለ ማሩ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ግማሽ አካላቸው በድንገት የሰለለ አንዲት እናት ነበሩ። በተኙ በአራተኛው ወር የመንደሩ መምህር ይዞኝ ሄደ። ከወገባቸው በታች፣ በጭራ አጥንታቸው ላይ፣ የእንቁላል ስፋት ያለው ቁስል ነበረባቸው። ምራታቸው ቁስሉን አጥባ ማር አድርጋበት ቆየችኝ። «ሲስተር፣ ነጩን ማር ነው ያደረግሁላቸው፤ ለፋሲካ ጠጅ ያስቀመጥነውን። ሽታው አልቀነሰም?» አለችኝ። እውነትም ቀንሶ ነበር። የቁስሉ ወለል ጠርቶ ቀይ ሥጋ መታየት ጀምሮ ነበርና አመሰገንኋት፤ እንድትቀጥልም መከርኋት። በየሳምንቱ እየተመላለስሁ ሳይ ላዩ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን የቁስሉን ጠርዝ ስነካው ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ዋሻ አገኘሁ። ላዩ ሲያምር ውስጡ እየተቦረቦረ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ሌላ ቀን ሳልጠበቅ በእኩለ ቀን በደረስሁ ጊዜ ነው። ልጃቸው በየማለዳው ከመኝታቸው አንሥቶ፣ በመደቡ ላይ ጀንዴ አንጥፎ፣ ከግድግዳ አስደግፎ ወደ በሩ አዙሮ ያስቀምጣቸዋል፤ አላፊ አግዳሚውን እንዲያዩና «እንደምን ዋላችሁ» እንዲባሉ ብሎ ነው። እስከ ማታም እንዲሁ ይውላሉ። እኔ በምመጣበት ቀን ደግሞ ቁስሉ እንዲታጠብ በጎናቸው አስተኝተው ስለሚጠብቁኝ፣ ሁልጊዜ በጎናቸው የሚተኙ መስሎኝ ነበር። «ቀኑን እንዴት ይውላሉ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ ጥያቄ ከማሩ በፊት መምጣት ነበረበት።

ቁስሉ ከየት ይመጣል?

የመኝታ ቁስል ከቆሻሻ ወይም ከደም መበላሸት የሚመነጭ አይደለም፤ የሚመነጨው ከክብደት ነው። ቆዳና ሥጋ በአጥንትና በጠንካራ መኝታ መካከል ሲጨመቁ ደም የሚያመላልሱት ጥቃቅን ሥሮች ይዘጋሉ። ጤነኛ ሰው ሳያስበው በእንቅልፉ እንኳን ይገላበጣል፤ የሰለለ፣ ራሱን የሳተ ወይም እጅግ የደከመ ሰው ግን በዚያው ጎኑ ይቀራል። ጥቂት ሰዓታት ደም ያልደረሰው ሥጋ መሞት ይጀምራል፤ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ ከላይ ሳይሆን ከአጥንቱ አጠገብ ነው። ከግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው ከመደቡ ጋር ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ይወርዳል፤ በመካከል ያለው ሥጋ ይቀደዳል። በእኚያ እናት ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር።

ይህ በገጠር ቤት ብቻ የሚደርስ አይደለም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተኝተው ይታከሙ በነበሩ 422 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከመቶ 16.8 ያህሉ የመኝታ ቁስል እንደነበረባቸው ገልጿል። ነርስና አልጋ ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ አንዲት ምራት ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከብት አግዳ በምታስታምምበት ቤት ቁስል ቢወጣ ሊያስወቅሳት አይገባም።

የመጀመሪያውን ምልክት መጻሕፍት «መቅላት» ይሉታል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም፤ ይልቁንም ስፍራው ይጠቁራል ወይም ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል፣ ከአካባቢው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ሲዳሰስ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል። ስለዚህ በዐይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ጀርባ እየዳሰሱ ከሌላው ጎን ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ከዚያ ጎን ማንሣት ብቻ ይበቃል። ስፍራውን ማሸት ግን የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ያደቅቀዋልና አይገባም።

ማር ምን ያደርጋል?

ከማር ከመቶው 80 እጅ ያህሉ ስኳር ነው፤ ውሃው ከ20 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ከቁስሉ ውስጥ ፈሳሽ ወደ ላይ ይስባል፤ ባክቴሪያም የሚራባበትን ውሃ ያጣል። ከዚህም ሌላ ማር እንደ ሎሚ ባይኮመጥጥም አሲድነት አለው፤ ይህም ለብዙ ባክቴሪያ አይስማማም። ሦስተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ንብ የአበባውን ወለላ ማር ስታደርግ ከራሷ ዕጢ አንድ ኢንዛይም ትጨምርበታለች። ይህ ኢንዛይም በወፍራም ማር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ግን ነቅቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫል። ማሩን ማፍላት ይህን ኢንዛይም ይገድለዋል፤ በምድጃ የፈላ ማር ከስኳር ሽሮፕ ብዙም አይሻልም።

ማር የተደረገበት ቁስል ሽታው የሚቀንሰውም ባክቴሪያው ከደምና ከሞተ ሥጋ ይልቅ ስኳሩን ስለሚመገብና የሚሸቱትን ጋዞች ስለማያወጣ ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ጎረቤት ተመልሶ መምጣት ይጀምራል፤ የልጅ ልጆች ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ እኔን ያታለለኝም ይኸው ነውና የሽታ መቀነስን ብቻ የመዳን ምልክት አድርጋችሁ አትያዙት።

ጥናቱስ ምን ይላል? በቱርክ አገር በኢዝሚር እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት በማር የታሰሩት የመኝታ ቁስሎች በአምስት ሳምንት ውስጥ በሌላ መድኃኒት ከታሰሩት ይልቅ ፈጥነው ሲድኑ ታይተዋል፤ ጥናቱን የፈጸሙት ሕሙማን ግን 26 ብቻ ነበሩ። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 በማርና በቁስል ላይ የተደረጉ 26 ጥናቶችን መርምሮ፣ ማር መጠነኛ ቃጠሎንና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልን እንደሚያፈጥን አረጋግጧል፤ ስለ መኝታ ቁስል ግን ማስረጃው ጥቂትና ደካማ መሆኑን ተናግሯል። ስለሆነም ማር ይረዳል ብሎ ተስፋ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ያድናል ብሎ መማል ግን አይገባም።

የትኛው ማር?

በውጭ አገር ሆስፒታሎች የሚሠሩበት ማር በጋማ ጨረር የጸዳ፣ በቱቦ የታሸገ ነው። ጨረሩ ኢንዛይሙን ሳይጎዳ በማር ውስጥ ሊገኙ የሚችሉትን የተሕዋስያን ዘሮች ይገድላል። እንዲህ ያለው ከተገኘ የሚመረጠው እርሱ ነው፤ በደጋ መንደሮቻችን ግን የሚገኘው የቀፎ ማር ነውና ስለ እርሱ እንነጋገር።

ባህላዊው ቀፎ በጭቃና በእበት እንደሚለቀለቅ ሁላችን እናውቃለን። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። ከእንዲህ ያለ ቀፎ ተቆርጦ ከሰፈፉ፣ ከእጩና ከሞቱ ንቦች ጋር በማሰሮ የተደባለቀ ማር ለጠጅ መልካም ነው፤ ለተከፈተ ቁስል ግን አይሆንም። ከባለ ፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ የወጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠለለ፣ እሳት ያልነካው ማር ይሻላል። ከገበያ የሚገዛውም ያሳስባል፤ ስኳር ይቀላቀልበታልና። በጣት እያጠበቁና በክብሪት እያቃጠሉ መፈተን ብዙ የሚታመን አይደለም፤ ዋናው ዋስትና ማሩን የቆረጠውን ሰው ማወቅ ነው።

የጣዝማ ማርስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ በአገራችን ከማር ሁሉ መድኃኒትነቱ የተመሰገነ ነውና። በጎንደር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት የጣዝማ ማር፣ ነጭ ማርና ቢጫ ማር መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ጭምር ሲፈተኑ ከሦስቱ የበረታው ጣዝማው ሆኖ መገኘቱን ዘግቧል። ሕዝባችን ያለ ምክንያት አላመሰገነውም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በመስታወት ሳሕን ላይ ያለ ባክቴሪያና በሰው ጀርባ ላይ ያለ ቁስል አንድ አይደሉም። ጣዝማ ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት በታች ነው፤ ማሯም ተቆፍሮ ሲወጣ አፈር ይነካዋል። በዚህ ምክንያት፣ ለሳል የሚጠጣው ይጠጣው እንጂ፣ በተከፈተ ቁስል ላይ ባይደረግ እመርጣለሁ።

አደራረጉ

ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን የጤና ባለሙያ ይየው፤ ጤና ጣቢያ መሄድ ካልተቻለ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጠራ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ብዙ አስታማሚዎች የሚያማክሩት ሰው አጥተው እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህን በዝርዝር የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ውሃ ፈልቶ ይቀዘቅዛል፤ በግማሽ ሊትሩ ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል፤ ቁስሉም በዚህ ይታጠባል እንጂ በአልኮል ወይም በበረኪና አይነካም፤ እነዚህ አዲሱን ሥጋ ያቃጥላሉ። ማሩ በቀጥታ ከቁስሉ ላይ ከሚፈስስ በንጹሕ ጎዝ ላይ ተቀብቶ ቢደረግ ይሻላል፤ የመዳፍ ስፋት ላለው ቁስል እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጎዝ ከታጣ ታጥቦ የተቀቀለና በፀሐይ የደረቀ አሮጌ ነጠላ ያገለግላል። በላዩ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ተደርጎ ዙሪያው በደንብ ይታሰር፤ ካልሆነ ማሩ አንሶላው ላይ ይቀራል፣ ጉንዳንም ይጠራል። (የአልጋውን እግሮች ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ማቆም የጉንዳኑን ነገር ይገላግላል፤ ይህን ያስተማረችኝ አንዲት አስታማሚ ናት።) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈሳሽ ስለሚበዛ በየቀኑ፣ ጨርቁ ከራሰም ቶሎ ይለወጣል። ማሩ የሚቀመጥበት ብርጭቆ የበሽተኛው ብቻ ይሁን፤ የእንጀራ ፍርፋሪ የነካ ማንኪያ አይግባበት። ከረጋም ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም እንጂ እሳት ላይ መጣድ አይገባም።

አንዳንድ ሕሙማን ማሩ ይለበልባቸዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካልተወ ይታጠብላቸውና ይቅር። የንብ መርዝ የማይስማማው ሰው ማር ባይደረግለት ይሻላል፤ የስኳር በሽታ ያለበትም ያለ ሐኪም አይደረግለት። በተረከዝ ላይ ጠቁሮ የደረቀ፣ ፈሳሽም ሽታም የሌለው ቅርፊት ካለ አትንኩት፤ ማሩ ያረጥበዋል፣ ቢረጥብ ደግሞ ለባክቴሪያ በር ይከፈታል። አጥንት የሚታይበት፣ ከሥሩ ዋሻ ያለው፣ ዙሪያው እያበጠ የሚሰፋ ወይም ትኩሳትና መቃዠት ያስከተለ ቁስል የማር ጉዳይ አይደለም፤ ቃሬዛ ተዘጋጅቶ ወደ ሆስፒታል የሚኬድበት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቅለት።

መገላበጡ

ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊት ለስላሳ ፍራሽ ካለ ቢበዛ በየ4 ሰዓቱ በሽተኛውን ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሰዓት በሌለበት ቤት ከብት ሲወጣ፣ ቡና ሲፈላ፣ ምሳ ሲቀርብ፣ ከሰዓት በኋላ ቡናው ሲደገም፣ ከብት ሲገባ፣ እራት ሲበላ እያሉ ለሥራው ስም መስጠት ይረዳል። በጎን ሲያስተኙ ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ ሳይሆን ጋቢ ጠቅልሎ ከጀርባ በመደገፍ ጋደል ማድረግ፣ በጉልበቶች መካከል ጨርቅ ማስገባት፣ ተረከዙ መኝታውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ደልደል ማድረግ ይገባል። እንደ ማቶት የተጠቀለለ ጨርቅ ከቁስሉ ሥር ማድረግ ግን፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ስሕተት ነው፤ ዙሪያውን አንቆ ደሙን ይከለክላል። ጠጕሩ ያልተላጨ ንጹሕ የበግ አጎዛ መልካም ምንጣፍ ነው፤ በሌሎች አገሮች ሆስፒታሎችም ለዚሁ ተፈትኖ ጠቅሟል። የበሬ ጀንዴ ግን ይደርቃል፤ ላስቲክም ገላውን ያልባል። ሽንትና ዓይነ ምድር ሳይቆይ ታጥቦ ቆዳው በቫዝሊን ይቀባ።

ሥጋ የሚታደሰው ከምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ የባቄላና የአተር ሽሮ ያስፈልጋሉ። በዐቢይ ጾም ወተት አልቀምስም የሚሉ አረጋውያን አሉ፤ እዚህ ላይ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከነርስ የበለጠ ይደመጣል። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛውን ከጾም ግዴታ ነጻ እንዳደረገች አስረዷቸው፤ እምቢ ካሉም ካህኑ እንዲነግሯቸው አድርጉ።

የእኚያን እናት ነገር ሳልጨርስ አልተው። ልጃቸው ጀንዴውን አነሣ፤ አልጋቸውንም ከግድግዳው አርቆ በቤቱ መካከል አቆመው። በቀኛቸው ሲተኙ በሩን ያያሉ፤ በግራቸው ሲገላበጡ ምድጃውንና የልጅ ልጆቻቸውን። ቁስላቸው በሆስፒታል ተከፍቶ ከታጠበ በኋላ ምራታቸው በማር ማሰሩን ቀጠለች። በዓመቱ በክረምት በሳንባ ምች ዐረፉ። ለቅሶ ስደርስ ምራታቸው ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ «ሲስተር፣ ሲገነዙ አየሁት፤ ቁስሉ ገጥሞ ነበር» አለችኝ።